የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ ቅርጽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«የከተማ ቅርጽ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከተማው ከላይ ሲታይ የያዘው መልክ ነው። ወዴት እንደረዘመ፣ የት እንደጠበበ፣ ቤቱ የት እንደተፋፈገና የት እንደሳሳ፣ ገበያው፣ መኖሪያውና ፋብሪካው እንዴት እንደተቀማመጡ ያሳያል። በአንድ በኩል መሬቱ አለ፤ ተራራው፣ ወንዙ፣ አፈሩ፣ ዝናቡ። በሌላ በኩል ሰው አለ፤ ቤተ መንግሥቱን የሠራው፣ ገበያውን የተከለው፣ መንገዱን የቀየሰው፣ ሕጉን ያወጣው። መሬት «እዚህ አይሆንም» ይላል እንጂ «እዚህ ሥራ» አይልም፤ የሚመርጠው ሰው ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 እስከ 1,900 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ተቀምጠዋል፤ ችግራቸውም የዚያኑ ያህል ይለያያል።

ደሴ ለምን ረዥምና ጠባብ ሆነች?

ግራና ቀኝ ስለተያዘች። በምዕራብ የጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ቆመውባታል። ቦታው የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። መሬቱ በስንጥቅ ተሰብሮ ጎንና ጎኑ ከፍ እንዳለ መካከሉ ዝቅ ብሏል፤ ከተማዋ ያረፈችው በዚያ ዝቅታና በግራ ቀኙ ተዳፋት ላይ ነው። የቦርከና ወንዝ ዝቅታውን አቋርጦ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል።

ስለዚህ ለእድገት ክፍት የሆነው አቅጣጫ ሰሜንና ደቡብ ነው። ዋናው መንገድ ይህንኑ ተከትሏል፤ ከእሱ የሚገነጠሉት የውስጥ መንገዶች አጫጭርና ቀጥ ያሉ አቀበቶች ናቸው። ውጤቱን ፒያሳ ላይ አንድ መኪና ሲበላሽ ማየት ይቻላል፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው ሁሉ በአንድ ጀርባ አጥንት ላይ ስለሚንቀሳቀስ ሰልፉ ወዲያው ይረዝማል። «ትይዩ መንገድ ለምን አይሠራም?» ለሚለው መልሱ ገንዘብ ነው። ከዋናው መንገድ ጎን ለጎን የሚሄድ መስመር ከተራራው የሚወርዱትን ሸለቆዎች አንድ በአንድ በድልድይ ወይም በከልቨርት (ከመንገድ ሥር ውሃ በሚያሳልፍ ቱቦ) መሻገር አለበት። ሜዳ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠይቀው ወጪ እዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ከተማዋ ለምን ሰፊው ቦሩ ሜዳ ላይ አልተቆረቆረችም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን ቅርብ ነው፣ ሜዳም ነው። በ1870 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደው እዚያ ነበር። ለብዙ ሰው ጉባኤና ለሠራዊት ሰፈር ሜዳ ይመረጣል። ለመቀመጫ ግን የዘመኑ መኳንንት ከፍታን ይመርጡ ነበር፤ አንኮበርንና እንጦጦን ማሰብ ይበቃል። ከፍታ ላይ ያለ ጠላትን አስቀድሞ ያያል፣ ረግረግም አያስቸግረውም።

የደሴ ስም በ1875 ዓ.ም. ሰማይ ላይ ከታየው ጅራታም ኮከብ ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ አፄ ዮሐንስ በዚያ ሰሞን ቦታውን «ደስዬ» አሉት ይባላል። ከተማ ያደረጋት ግን የራስ፣ በኋላም የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫነት ነው። ግቢው ከፍታ ይዞ፣ አይጠየፍ አዳራሽ እዚያው ተሠርቶ፣ ባለሟሉ፣ ወታደሩና ነጋዴው ደግሞ በየደረጃው ዙሪያውን ሰፈረ። የሰፈሮቹ ስም ራሱ ካርታ ነው። ሰኞ ገበያ የገበያ ቀኑን፣ ሸዋ በር ወደ ደቡብ የሚያወጣውን በር፣ አረብ ገንዳ የውጭ ነጋዴዎችን ያስታውሳሉ።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው የወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ አሥመራ የሚሄደው መንገድ ለመኪና ተሠራ፤ የከተማዋ የስበት ማዕከልም ከግቢው ወደ መኪናው መንገድ ተሳበ። ፒያሳ የዚያ ዘመን ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ደሴ ዙሪያዋን የምትሰፋ የግቢ ከተማ መሆኗ ቀርቶ በመንገዱ ግራ ቀኝ የተሰለፈች ሆናለች።

ታዲያ ፋብሪካው ሁሉ ለምን ኮምቦልቻ ሄደ?

ፋብሪካ የሚፈልገው ደሴ የሌላትን ነው፦ ጠፍጣፋ ሰፊ መሬት፣ ከባድ መኪና በቀላሉ የሚገባበት መንገድና ውሃ። አንድ የጨርቃ ጨርቅ አዳራሽ በአንድ ወለል ላይ ብዙ ሺህ ካሬ ሜትር ይይዛል፤ ማሽኑ ደረጃ አይወጣም። ያንን ዳገት ላይ ለመሥራት ከአዳራሹ ይልቅ የድጋፍ ግንቡ ይበዛል።

ዋናው ምክንያት ግን መገንጠያው ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ኮምቦልቻ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ደሴና መቀሌ፣ ሌላው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ወደብ ይሄዳል። አሰብ የኢትዮጵያ ዋና በር በነበረበት ጊዜ የሰሜኑ ጭነት የሚያልፈው እዚህ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ቢሆንም የሚሌ–ባቲ መስመር ለወሎና ለሰሜኑ ክፍል ማገልገሉን ቀጥሏል፤ ደረቅ ወደቡ ኮምቦልቻ ላይ የተተከለውም ለዚህ ነው። የአየር ማረፊያው፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የሥጋ፣ የብረትና የቢራ ፋብሪካዎቹ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በ75 ሄክታር ላይ ተመርቆ የተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ እንዲሁም ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር መስመር ሁሉም በዚሁ መገንጠያ ዙሪያ ናቸው።

የሕዝብ ቆጠራውም ይህን ይመሰክራል። ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. ባሉት ሁለት ቆጠራዎች መካከል ደሴ ከ97 ሺህ ወደ 120 ሺህ ገደማ ስታድግ፣ ኮምቦልቻ ከ39 ሺህ ወደ 59 ሺህ ገደማ ደርሳለች። በመቶኛ ሲታይ የኮምቦልቻ እድገት ከደሴ በእጥፍ ይበልጣል።

ደሴ ውስጥ ተዳፋት ላይ ቦታ አለኝ። ከየት ልጀምር?

ከልኬት። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተው (ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ማለት ነው) ከቦታው የላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ያለውን የከፍታ ልዩነት ይለኩ። በ10 ሜትር አግድም ርቀት 3 ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 30 በመቶ ነው። በጥቅሉ እስከ 15 በመቶ ያለው ብዙ ሳይቸገሩ የሚሠሩበት ነው፤ ከ15 እስከ 30 እርከንና የድጋፍ ግንብ ይጠይቃል፤ ከ30 በላይ የሆነውን ለዛፍ መተው ይሻላል። ከ2 በመቶ በታች የሆነ ደግሞ ውሃ ስለማይሄድበት የራሱ ጣጣ አለው፤ እሱ ግን የኮምቦልቻ ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቦታውን በሙሉ ቆርጦ ሜዳ ማድረግ። 10 በ10 ሜትር የሆነ ቤት 30 በመቶ ተዳፋት ላይ በሙሉ ቁፋሮ ቢቀመጥ ከኋላ 3 ሜትር ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ ይፈጠራል፤ የሚወጣው አፈር 150 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር ስለሚያብጥ ወደ 190 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ይህ 16 ሜትር ኩብ ለሚጭን ሲኖ 12 ምልልስ ነው። ያ አፈር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደፋው ታች ካለው ሸለቆ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ይዞት የሰው ግቢ ይገባል። ግማሹን ቆርጦ ግማሹን መሙላት ቁፋሮውን ወደ 37 ሜትር ኩብ ገደማ ያወርደዋል፤ የኋላው ግድግዳም 1.5 ሜትር ብቻ ይሆናል። ሙሌቱ ግን በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተደቀደቀ ካልገባ ቤቱ በሁለተኛው ክረምት መካከሉ ላይ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የሚሻለው ቤቱን ራሱን በሁለት ደረጃ መሥራት ነው፤ የላይኛው ግማሽ ወለል ከታችኛው 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ።

የድጋፍ ግንብ ሠርቼ ነበር፤ ፈረሰ። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ ግንብ የሚጥለው ከኋላው የተጠራቀመ ውሃ ነው። ሸክላማ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ግንቡን ይገፋል። በድንጋይና በሲሚንቶ ለሚሠራ ግንብ የግርጌው ውፍረት ከቁመቱ ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ መሆን አለበት፤ ለ3 ሜትር ቁመት ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ማለት ነው። ሰው ግን ከላይ የሚታየውን 50 ሳንቲ ሜትር አይቶ እስከ ታች ያንኑ ይሠራል። ከግንቡ ኋላ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይሞላል። ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው የውሃ ማስወጫ ቱቦዎችም በየ1.5 እስከ 2 ሜትር ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ብለው ይገባሉ። ከግንቡ በላይ ደግሞ በሲሚንቶ የተለሰነ ቦይ ያስፈልጋል፤ የላይ ጎረቤት የጣራ ውሃ የሚመጣው በዚያ ነው። አንድ መቶ ካሬ ሜትር ጣራ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 4,000 ሊትር ይለቃል። ደሴ ላይ የጎረቤት ጠብ ግማሹ ይኸው የጣራ ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ2 ሜትር የሚበልጥ ግንብ ከሆነ ለግንበኛ ብቻ አይተዉት፤ በመሐንዲስ ያሠሩት።

መሬቱ ሊንሸራተት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ደሴ በሸክላማና ልቅ አፈር የተሸፈኑ ተዳፋቶች አሏት፤ ከሥር ያለው ባዛልት ነው። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ በልግና ክረምት። በሐምሌና በነሐሴ አፈሩ ሲጠግብ ዐለቱ ላይ ይንሸራተታል። የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦ ከተዳፋቱ አናት ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ስንጥቅ፤ በድንገት የሚጣበቅ በር ወይም መስኮት፤ ያዘነበለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም አጥር፤ ግንዱ ከሥሩ የተቆለመመ ዛፍ፤ ከዚህ በፊት ባልነበረበት የፈለቀ ውሃ፤ በተደጋጋሚ የሚበጠስ የውሃ ቧንቧ።

ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል ተክለው ርቀታቸውን በየሳምንቱ ይለኩና ከቀኑ ጋር ይጻፉ። ስንጥቁን በሸክላ አፈር ጠቅጥቀው ይድፈኑ፤ ክፍት ከተተወ ዝናቡ በቀጥታ ወደ ሥሩ ይገባል። ቁጥሩ በየሳምንቱ ከጨመረ፣ በተለይ ከከባድ ዝናብ በኋላ፣ ከታች ያለው ቤት ሌሊት ሰው ሊተኛበት አይገባም።

ሰው የሚያባብሰውም አለ፤ የተዳፋቱን እግር ቆርጦ ቤት ማስገባት፣ አናቱ ላይ አፈር መከመር፣ የሚያፈስ ቧንቧን ወራት መተው፣ ጉድጓድ መጸዳጃ ቤትን ከተዳፋቱ ጠርዝ አጠገብ መቆፈር። እነዚህ ሁሉ ወይ ክብደት ይጨምራሉ ወይ ውሃ ያስገባሉ።

ባሕር ዛፍ ብንተክልስ?

የላይኛውን አፈር ይይዛል፣ ዝናቡንም ያበርዳል። ከሥሩ በታች 5 እና 10 ሜትር ጠልቆ የሚንሸራተተውን ግን አያቆምም። ጦሳ ደን ለብሶ መቆየቱ ለጎርፍ ይጠቅማል፤ ለናዳ ብቻውን ዋስትና አይደለም።

ኮምቦልቻ ሜዳ ናት፤ ቤት መሥራት ቀላል አይደለም?

ቁፋሮው ቀላል ነው፤ አፈሩ ነው አስቸጋሪው። በሜዳው ላይ በየቦታው ጥቁር አፈር አለ፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ቤቱን በየዓመቱ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል፤ ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይተረተራል። ለመለየት ላቦራቶሪ መሄድ ግድ አይደለም። በግንቦት መሬቱ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ፣ ርጥብ አፈሩም በእጅ ሲድበለበል ሳይቆረጥ እንደ ገመድ ከተሳበ እሱ ነው።

ጥቁሩ አፈር ስስ ከሆነ በሙሉ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካትና እየደቀደቁ መሙላት ይበቃል። ጥልቅ ከሆነ መሠረቱ ርጥበቱ በየወቅቱ ከማይለዋወጥበት ጥልቀት ላይ ማረፍ አለበት፤ ያንን የሚወስነው የአፈር ምርመራ ነው። በሁለቱም ሁኔታ በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ይሠራል፤ የሻወርና የጣራ ውሃም ከመሠረቱ ይራቅ። ትልቅ ዛፍ ከግድግዳው ቢያንስ በቁመቱ ያህል ቢርቅ ይመረጣል፤ በበጋ ሥሩ ርጥበቱን ስለሚመጥ በአንድ በኩል ብቻ መሬቱን ያሰምጠዋል።

ሌላው ጎርፍ ነው። ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ውሃ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና የያዘውን አሸዋና ድንጋይ ይጥላል፤ የወንዙ ወለል በየዓመቱ ከፍ ይላል። «ይህ ወንዝ እዚህ ደርሶ አያውቅም» የሚባለው ለዚህ ነው የማያስተማምነው። ቦታ ከመግዛት በፊት በነሐሴ ሄደው ይዩት፤ በጥር ሁሉም ቦታ ያምራል።

የፋብሪካው ፍሳሽ በከተማው ቅርጽ ላይ ምን ያመጣል?

ፋብሪካዎቹ ፍሳሻቸውን ወደ ትንንሽ ወንዞች፣ በእነሱም በኩል ወደ ቦርከና ሲለቁ ኖረዋል። ወንዙ የሚሄደው ወደ ጨፋ ረግረግና ወደ አዋሽ ተፋሰስ ነው፤ ከታች ውሃውን የሚጠቀምበት ሌላ ሰው ነው። በከተማው ውስጥ ደግሞ ከፋብሪካ በታች ባለው የወንዝ ዳር መሬት ይረክሳል፤ አቅም የሌለው እዚያ ይሰፍራል። ቦታ ሲመርጡ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ከየትኛው ፋብሪካ በታች ነው? ነፋሱስ ከየት ይነፍሳል? ለአየር ማረፊያው የቀረበ ቦታ ከሆነ የሕንፃ ከፍታ ገደብ መኖሩን ዲዛይን ከማሠራትዎ በፊት ያረጋግጡ።

የመሬት መንቀጥቀጥ ያሰጋል?

አዎ። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራቆሬ አካባቢ በሬክተር መለኪያ 6.5 የሚደርስ መንቀጥቀጥ ደርሶ ማጀቴን አፍርሷል። ሁለቱም ከተሞች ያሉት በዚያው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው። ልቅና ጥልቅ አፈር ንቅናቄውን ያጎላዋል፤ ስለዚህ ሜዳ መሆን በዚህ ረገድ ጥቅም አይደለም። የብሎኬት ቤት በግሬድ ቢምና (ከግድግዳው ግርጌ ባለው የኮንክሪት ማሰሪያ) በቶፕ ታይ ቢም (ከግድግዳው አናት ባለው) ሳይቋረጥ ዙሪያውን መታሰር አለበት። ፎቅ ከሆነ ምድር ቤቱን ለሱቅ ሲባል ግድግዳ አልባ፣ ቋሚዎቹን ቀጭን ማድረግ አደገኛው ስህተት ነው፤ ሕንፃው የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ዳገት ሰፈር ቧንቧው ለምን ይደርቃል?

ውሃ ከፍታ ይፈልጋል፤ ከፍታ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት 60 በመቶ ውጤታማ የሆነ ፓምፕ 0.45 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። መብራት ሲቆራረጥ መጀመሪያ የሚደርቀው የላይኛው ሰፈር ነው። በሌላ በኩል 100 ሜትር የከፍታ ልዩነት የ10 ባር ግፊት ነው፤ ለ10 ባር የተሠራ ቱቦ የአቅሙ መጨረሻ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ከላይ ካለ ማጠራቀሚያ በቀጥታ ታች ድረስ ከተወረደ የታችኛው ሰፈር ቧንቧ ይፈነዳል። መፍትሔው ከተማውን በከፍታ ቀጠና ከፍሎ ለእያንዳንዱ ማጠራቀሚያ ወይም የግፊት መስበሪያ ታንከር መስጠት ነው።

መሐል ደሴ ላይ አሮጌ ቤቶች ለምን ብዙ ዘመን ሳይነኩ ቆዩ?

ዋናው ምክንያት የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ተከራዩ ባለቤት ስላልሆነ አያድስም፤ ቀበሌው ከሚሰበስበው ጥቂት ብር ሊያድስ አይችልም። ከተማው መሐሉ እንዳለ ሆኖ ዳርና ዳሩ አደገ። አሁን በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ሥራ መሐሉ ሲነካ አዲሱ ሕንፃ ላይ ብቻ ማተኮር አይበቃም። ከመሐል የሚነሳው ሰው ኑሮው በእግር በሚደርስበት ገበያ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዳር ሲወሰድ የታክሲ ሒሳብ ይጨመርበታል።

ጨረቃ ቤት ለምን አይቆምም?

የከተማው ወሰን ሊሰፋ መሆኑ ሲሰማ ገበሬው ነገ በካሳ የሚወሰድበትን መሬት ዛሬ በጥቁር ገበያ ቆራርጦ መሸጥ ያዋጣዋል። ገዢው በሊዝ ጨረታ መወዳደር አይችልም። ሁለቱም የራሳቸው ሒሳብ አላቸው፤ ስለዚህ ማፍረስ ብቻውን አያቆመውም። ችግሩ የሚመረጠው መሬት ነው፦ ማንም የማይፈልገው ገደላማ ቦታ ወይም የወንዝ ዳር። መንገድ ሳይተው ይሠራል፤ በኋላ የእሳት አደጋ መኪናም ሆነ የፍሳሽ መስመር አይገባም። መዋቅራዊ ፕላን በአዋጅ 574/2000 መሠረት ለ10 ዓመት የሚያገለግል ነው። ከቤቱ ይልቅ መንገዱንና ቦዩን አስቀድሞ መሬት ላይ ምልክት ማድረግ ርካሹና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሥራ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ወደፊት አንድ ከተማ ይሆናሉ?

በሥራ፣ በገበያና በትምህርት ቀድሞውንም ተያይዘዋል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱም ግቢ አለው። በቤት ግን መገናኘታቸው አይመስልም፤ መካከላቸው ሐረጎ አለ። ከ600 ሜትር በላይ የሆነው ከፍታ የሚወጣው በዚያ ጠመዝማዛ ነው፤ የጭነት መኪና ሽቅብ ይንፏቀቃል፣ ቁልቁል ፍሬኑ ይግላል። መንገዱ ዳር ቤትና ሱቅ እየተሰለፈ ከሄደ መኪናው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የተዳፋቱ እግር ይቆረጣል፣ ናዳው መንገዱን ይዘጋል። ያ መንገድ ሲዘጋ ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻ ወደ ሰሜን የሚሄደው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ በሐረጎ ግራ ቀኝ ያለው መሬት ከግንባታ ነፃ ሆኖ፣ ቦዮቹ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ተጠርገው ሊቆዩ ይገባል።